አንድ ጣሳ ዱቄት ስንት ግራም ነው?

ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ ባለው የጉለሌ ሰፈር ድግስ ያሰበ ሰው፣ ከድንኳኑም ከጠላውም በፊት የሚያስበው የሺን ነበር። «የሺ ተገኝታለች ወይ?» ይባላል። ተገኝታለች ከተባለ የደጋሹ ቤተሰብ ግማሽ ጭንቀቱ ይቀልለታል። ሠርግም ሆነ ተዝካር፣ ድስቱ በርሜል የሚያህል እንኳ ቢሆን፣ እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ከጉልቻው አጠገብ ከቆመች በኋላ ማንም ስለ ወጡ ጨው አይጨነቅም።

የምትለካው በእጇ ነበር። በርበሬውን በእፍኟ፣ ጨውን በጭብጧ፣ ኮረሪማውን በጣቶቿ ቆንጥራ ትጨምራለች። ሙያ ሊማሩ አጠገቧ የቆሙ ልጃገረዶች «እትዬ የሺ፣ ለዚህ ሁሉ ሽንኩርት ስንት ጣሳ በርበሬ ይበቃል?» ሲሏት እጇን ዘርግታ ታሳያቸዋለች። «ጣሳዬ ይሄ ነው» ትላለች። ኩራት አልነበረም፤ እውነቷን ነው። እናቷም የምትሠራው እንደዚሁ ነበር።

ባሏ ስብሐት የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከሥራ ቦታው ወሰዱት። የሺ ወደ ታሰረበት ግቢ ስንቅ ስታመላልስ ቆየች። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከዛሬ ጀምሮ እንዳታመጪ» አላት። ያ ምን ማለት እንደሆነ በዚያን ዘመን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ድንኳን አልተጣለም፤ ለቀስተኛ አልተሰበሰበም። የሺ በሯን ዘግታ ልጇን እሌኒን አቅፋ አለቀሰች። ብዙም ሳትቆይ ለጎረቤት ክርስትና ወጥ ልትሠራ ወጣች፤ ከእንግዲህ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነውና።

እሌኒ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላት ውኃ የማይበቃት ልጅ ሆነች። ከእንስራው እየቀዳች ትጠጣለች፤ ትሸናለች፤ ተመልሳ ትጠጣለች። ትበላለች፤ ግን ሥጋዋ ከቀን ወደ ቀን ይቀልጣል። የትምህርት ቤት ልብሷ ትከሻዋ ላይ የተሰቀለ ነገር መሰለ። ጎረቤቱ ዓይን ነው አለ። የሺም ልጇን ይዛ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሄደች። እሌኒ ጠበሉን ጨልጣ «እማዬ፣ ጨምሪልኝ» ስትል እናቲቱ ደስ አላት። የልጇ እምነት መስሏት ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ እሌኒ ከመኝታዋ መነሳት አቃታት። ትንፋሿ ረጅም ሩጫ እንደሮጠ ሰው ይቆራረጥ ጀመር፤ ከአፏም ልክ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ያለ ጣፋጭ ሽታ ይወጣ ነበር። ጎረቤቶች ታክሲ ለምነው ሆስፒታል አደረሷት። ነፍሷ የተመለሰው የሺ ተስፋዋን ከቆረጠች በኋላ ነው።

ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ መናገር በጀመረች ጊዜ የክፍሉ ነርስ ሲስተር ደሳለች የሺን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገባቸው አስቀመጧት። በዕድሜ ከየሺ ብዙ የማይበልጡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ነበሩ።

«ልጅሽ የስኳር በሽታ ነው ያለባት» አሏት።

«ስኳር? ሲስተር፣ ስኳር ከየት አባቷ አምጥታ? የቀበሌው ራሽን ለሻይ እንኳን አይበቃንም።»

«የምንልሰው ስኳር አይደለም። ቂጣውም፣ እንጀራውም፣ ሽሮውም ከተበላ በኋላ ደም ውስጥ ስኳር ነው የሚሆነው። የእኔና ያንቺ ሰውነት እሱን የሚጠቀምበትን መድኃኒት ራሱ ይሠራል። የእሷ መሥራት አቁሟል። ስለዚህ በመርፌ እንሰጣታለን።»

«እስከ መቼ?»

 «ዕድሜ ልኳን» አሉ ሲስተር ደሳለች።

የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሲስተር የሚበልጠውን ነገር ነገሯት። መርፌው ልክ አለው፤ ምግቡም ልክ ሊኖረው ይገባል። ምግቡ ከበዛ ስኳሩ ልጅቷን መልሶ እዚህ አልጋ ላይ ያስተኛታል። ካነሰ ደግሞ መርፌው ራሱ ይጥላታል፤ ይኸኛው እንዲያውም ይፈጥናል። ለቁርስ ስድሳ ግራም ዱቄት፣ ለምሳ ይህን ያህል፣ ለእራት ይህን ያህል ብለው ዘረዘሩላት።

«ግራም የሚሉት ምንድን ነው? እኔ በእጄ ነው የምለካው» አለች የሺ።

ሲስተር ደሳለች የሺን እጅ ያዙት። በሽንኩርትና በበርበሬ የጠቆረ፣ ሰፊ እጅ ነበር። «የኔ እመቤት፣ ለዚህ ነገር እጅሽን ማመን አትችይም። ሚዛን ፈልጊ» አሏት።

የሺ እስከዚያ ቀን ድረስ ከመሠረተ ትምህርት ስትሸሽ የኖረች ሴት ነበረች። ዘማቾቹ ወደ ቤቷ በመጡ ቁጥር «ዛሬ ድግስ አለብኝ» ትላለች፤ ብዙ ጊዜም እውነቷን ነበር። ከሆስፒታል በተመለሰች ሳምንት ግን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ገብታ ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ፊደሉ ቀስ ብሎ ቢገባትም ግድ አልሰጣትም። እሷ የቸኮለችው ለቁጥሩ ነበር።

ሚዛኑ ያለው ጋሽ ቡሽራ ዘንድ ነው። ጋሽ ቡሽራ በሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ቅመም፣ ቡናና ጨው የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ። የሺ የድግስ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የምትገዛው ከሌላ አልነበረም። ስብሐት የጠፋ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ በሯን ሲሸሽ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ቤቷ ድረስ መጥተው ጥግ ይዘው የተቀመጡ እሳቸው ነበሩ። ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገሩም። ተቀምጠው፣ ተቀምጠው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

የሺ የሆስፒታሉን ነገር ነገረቻቸው። ጋሽ ቡሽራ እስከ መጨረሻው አዳመጧትና ባለ ሁለት ሳህኑን ሚዛን ከመደርደሪያው አውርደው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። የሚዛኑን ድንጋዮች ከትልቁ እስከ ትንሹ ደረደሯቸው።

«እስቲ መጀመሪያ እጅሽን እንመዝነው» አሏት።

የሺ ካመጣችው የጤፍ ዱቄት አንድ እፍኝ ዘግና ሳህኑ ላይ አደረገች። ድንጋይ እየጨመሩ፣ እየቀነሱ አስተካከሉት፤ ከሃምሳ ግራም ጥቂት አለፍ አለ። «ድገሚ» አሏት። ደግማ ዘገነች። ለእሷ ያው ነበር፤ ጣቶቿ ልዩነት አልተሰማቸውም። ሚዛኑ ግን ሰባ ላይ ሄደ። ሦስተኛው ከመጀመሪያውም አነሰ።

የሺ ሳህኑን ትክ ብላ አየችው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ያመነው እጅ፣ እሷም ያመነችው እጅ፣ ዓይኗ እያየ ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት ነገር ተናገረ።

«ለሁለት መቶ ሰው ወጥ ይኼ ምንም አይደለም፣ የሺዬ» አሉ ጋሽ ቡሽራ ፊቷን አይተው።

«ለአንድ ልጅ ግን ነው» አለች። 

«እንግዲያው በየማዕዱ እዚህ መመላለስ አትችይም። ጣሳ አምጪና ጣሳውን እንመዝነው።»

ባዶ የሳልሳ ጣሳዎች ይዛ ተመለሰች። አንዱን ጣሳ ጢም አድርገው የጤፍ ዱቄት ሞሉትና መዘኑት። ገልብጠው ሽሮ ሞሉበት፤ ቀለለ። ሽሮውን ገልብጠው ምስር ሞሉበት፤ ሳህኑ ቁልቁል ወርዶ ባንኮኒውን ነካ።

«ያው ጣሳ አይደለም እንዴ?» አለች የሺ ግራ ገብቷት። «ያው ጢም ያለ?»

«ጣሳ የሚያውቀው ቦታ መያዙን ብቻ ነው። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች አንድ ጆንያ ጥጥ ተሸክመው ሽቅብ ሲሮጡ አላየሽም? ያንኑ ጆንያ ጨው ሙይና አሸክሚያቸው እስቲ።»

ያን ቀን ከሰዓት ገበያተኛው እየመጣ፣ እየተስተናገደ፣ እየሄደ እነሱ ሲመዝኑ ዋሉ። ለእያንዳንዱ እህል የየራሱ ጣሳ እንደሚያስፈልግ ተግባቡ። የሺ ጣሳዎቹን ለቆርቆሮ ሠሪ ወስዳ፣ ጋሽ ቡሽራ በምስማር በጫሩት ምልክት ላይ አስቆረጠቻቸው። የጤፉ ጣሳ አጭር፣ የሽሮው ረዘም ያለ፣ የምስሩ ከሁሉም ድንክ ሆነ። እንዳይምታቱባት በየአንገታቸው የተለያየ ቀለም ክር አሰረችባቸው። ከዚያ ወዲያ ጣሳውን ሞልታ በቢላ ጀርባ ትልገዋለች፤ ልጅቷ የምትበላው ቂጣ ከዚያ ይጋገራል፤ ሽሮዋም በትንሽ ድስት ለብቻዋ ይሠራል። መርፌውን ቀቅላ ትወጋታለች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ እንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ቅዝቃዜ ስለሚወድ። ሽንቷን ሆስፒታል በሰጧት ሰማያዊ ፈሳሽ ላይ ጠብ አድርጋ ታፈላዋለች፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ እግዜር ይመስገን፤ እንደ ሸክላ ከቀላ ስኳሩ ወጥቷል ማለት ነው።

የሚከብደው ነገር ልኬቱ ብቻ አልነበረም። በእነሱ ቤት ሰው ብቻውን አይበላም። ዘመድ ሲመጣ፣ ጎረቤት ሲገባ፣ አንድ ትሪ ይከበባል፤ ልጅ ይጎረሳል። አሁን እሌኒ ጥግ ላይ የራሷን ሳህን ይዛ ትቀመጣለች። አንድ የእንቁጣጣሽ ቀን የክርስትና እናቷ ብርቅነሽ ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፏ ስታስጠጋ የሺ እጇን ያዘችባት።

«ምነው የሺ? በበዓል ቀን? ልጅ ይቆጠርበታል እንዴ?»

«ይቆጠርበታል» አለች የሺ። ብርቅነሽ ጉርሻዋን ሳህን ላይ መልሳ አስቀመጠች። እሌኒ ራሷን አቀርቅራ «አልራበኝም» አለች፤ ርቧት እንደነበር እናቲቱ ታውቃለች።

እንዲህ እያሉ አንድ ዓመት ሆነ። ልጅቷ ሥጋዋ ተመለሰ፤ ትምህርቷንም ቀጠለች። የሺ ጣሳዎቹን ማመን ጀመረች።

በመጋቢት አዲስ ጤፍ አስፈጭታ ነበር። ዱቄቱ ገለባ ቢጤ ስለ ነበረበት በጠባብ ወንፊት ደጋግማ ነፋችው። ጠዋት እንደ ወትሮው መርፌዋን ወጋቻት፤ ጣሳውን ሞላች፤ በቢላ ላገችው፤ ጋግራ አበላቻት። እሌኒ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ሄደች። ከረፋዱ ላይ አንድ መምህር ልጅቷን ተሸክሞ በሩን በእግሩ አንኳኳ። ክፍል ውስጥ መጀመሪያ እንደ ሰከረ ሰው ትቀባጥር ነበር አለ፤ ከዚያ ላብ አጠመቃት፤ ከዚያ ወደቀች።

የሺ ሲስተር ደሳለች ያስተማሯትን አልረሳችም። ስኳር በውኃ በጥብጣ በጣቷ ድዷን፣ ጉንጯን አሸቻት። እያሸች ትጠራታለች። «እሌኒ! እሌኒዬ! ስሚኝ!» ልጅቷ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ብዙ የመሰለ ጊዜ አለፈ። ከዚያ እሌኒ ዋጥ አደረገች፤ ደግሞ ዋጥ አደረገች፤ ዓይኗን ገልጣ «ለምን ታለቅሻለሽ?» አለቻት።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ሄዱ። ሲስተር ደሳለች ሁሉንም ጠየቁ። መርፌው ተሳስቶ እንደሆነ፣ ልጅቷ ሮጣ እንደሆነ፣ ቁርሷን ትታ እንደሆነ።

«ፊት ለፊቴ ነው የበላችው፣ ሲስተር። በጣሳው ልክ። አንዲት ቁንጣሪ አላጎደልኩም። ማርያምን!»

ሲስተር አመኗት። «እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሌላ ጥፋት ካጣሁ መርፌውን ልቀንስ ነው፤ እሱን ደግሞ እፈራለሁ። እስቲ ቤትሽ ገብተሽ እያንዳንዱን ነገር ዳግም እይው» አሏት።

የሺ ቤት ገብታ ጣሳውን አየችው። አልተጨረመተም። ቢላውም ያው ነው። ዱቄቱን በጣቷ ነካችው፤ እንደ ጥጥ ለስልሶ፣ አየር ይዞ ተነፍቷል። ያኔ አንድ ነገር ልቧን ወጋት። ጣሳውንም ዱቄቱንም ይዛ ወደ ጋሽ ቡሽራ ወረደች።

የተነፋውን ሞልተው መዘኑት። ስድሳ ሊሆን ይገባው የነበረው አርባ ስምንት ላይ ቆመ። ጋሽ ቡሽራ ያንኑ ጣሳ ባንኮኒው ላይ ጠቅ ጠቅ አደረጉት፤ ዱቄቱ ዝቅ አለ፤ ጨምረው ጠቅ ጠቅ አደረጉት፤ እንደገና ጨመሩ። ሚዛኑ ስድሳን አልፎ ሄደ።

«ነፋሱን ነው የመዘንሽላት» አሉ ጋሽ ቡሽራ በዝግታ።

የሺ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች። ልጇን ሊወስድባት የነበረው ወንፊቷ ነው። ንጹሕ እንዲሆንላት፣ እንዲጣፍጣት ብላ የነፋችው ዱቄት።

ከዚያ በኋላ ሥርዓት አወጡ። ዱቄቱ ሁልጊዜ ይነፋል፤ ጣሳው በማንኪያ ይሞላል፤ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ ተሞልቶ ይላጋል፤ ሁልጊዜም በአንድ ዓይነት መንገድ። አዲስ በተፈጨ ቁጥር ደግሞ ጣሳው ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ሲስተር ደሳለች ይህን ሲሰሙ ለሌሎቹም እናቶች አስረጅልኝ አሏት፤ የሺም በቀጠሮዋ ቀን ኮሪደሩ ላይ ሆና ታሳያቸው ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ የጋሽ ቡሽራ ሱቅ ታሸገ። በርበሬና ጨው ደብቀዋል፤ የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጽመዋል ተባለ። ሰፈሩ ያየው የሰም ማኅተሙን ነው፤ ጋሽ ቡሽራን ከሱቃቸው አውጥተው ከቀበሌው በላይ ወዳለው የከፍተኛው አስተዳደር እስር ቤት ሲወስዷቸው ያየ ብዙም አልነበረም። ዕቃው በጋሪ ተጭኖ ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ሄደ። ሚዛኑም አብሮ ሄደ።

የሺ አዲስ ያስፈጨችው ዱቄት በጆንያ ተቀምጧል። ጣሳውን ልትመዝነው አልቻለችም። የኅብረት ሱቁ ሠራተኛ ደበላ ደግ ሰው ቢሆንም «ካለ ሊቀመንበሩ ፈቃድ አልነካውም፣ እትዬ የሺ፤ እኔንም ይጨምሩኛል» አላት። እናም እሑድ ጠዋት ከነዋሪው ጋር ስብሰባ ገባች።

ሊቀመንበሩ ስለ አሻጥረኞች ረጅም ንግግር አደረገ። የጋሽ ቡሽራን ስም ሦስት አራት ጊዜ ጠራ። ባለቤታቸው ከኋላ ወንበር ላይ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ስበው ተቀምጠዋል። «አስተያየት ያለው?» ተባለ።  የሺ እጇን አወጣች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት፤ የባሏን ነገር የማያውቅ የለምና።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች ተነስታ።  «ልጄ ታማሚ ናት። የምትበላው በግራም ነው። ሚዛን ካላገኘሁ ትሞትብኛለች። ሚዛኑ ኅብረት ሱቅ ገብቷል። እባካችሁ አንዳንድ ቀን እንድመዝንበት ይፈቀድልኝ።»

ሊቀመንበሩ ሌላ ነገር ትናገራለች ብሎ ፈርቶ ኖሮ ፊቱ ፈታ አለ። «ሚዛኑ የሕዝብ ንብረት ነው። አንቺም ሕዝብ ነሽ። ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ነይ» አላት። ተጨበጨበ። የሺ ልትቀመጥ ስትል ዓይኗ ከጋሽ ቡሽራ ባለቤት ዓይን ጋር ገጠመ። ሴትዮዋ አልተቆጡም፤ ዓይናቸውን ወደ ጉልበታቸው መለሱ።

በማግስቱ ጣሳዋን መዘነች፤ የልጇን ቂጣ ጋገረች። ቂጣው ሲገለበጥ እያየች የተናገረችው ሁሉ ተመለሰባት። ስለ ሚዛኑ ቆማ ለመነች። ስለ ሰውዬው አንድ ቃል አልወጣትም። እሳቸው ግን እሷ ቤት መግባት በሚያስፈራበት ቀን ገብተው ተቀምጠዋል።

ያን ሳምንት ምስር ወጥ በዘይት ሠርታ በሳህን ቋጥራ ወደ ጋሽ ቡሽራ ቤት ሄደች። በር ላይ ቆማ «ሥጋ የለበትም። ስንቅ ይዘው ሲሄዱ አብሬዎት ልሂድ» አለች። ባለቤታቸው ሳህኑን ተቀብለዋት «ነይ» አሉ።

ለስብሐት ስንቅ ታመላልስበት ወደነበረው በር መመለስ ለየሺ ቀላል አልነበረም። ያው ሰልፍ ነው፤ ያው በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን። ተራቸው ሲደርስና ጥበቃው እጁን ሲዘረጋ ትንፋሿ ይቆማል። ሳህኑን ተቀብሎ ከገባ ትተነፍሳለች። ባዶው ሳህን ሲመለስ ደግሞ ጋሽ ቡሽራ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ብርቅነሽ ሰምታ መጣች። «ሰው ይይሽ ብለሽ ነው? ልጅ እኮ አለሽ» አለቻት። «አለኝ» አለች የሺ። «ልጅ ስላለኝ ነው የምሄደው። እሷን ያኖሩልኝ እሳቸው ናቸው።» 

ጋሽ ቡሽራ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ተፈቱ። ጥፋት አልተገኘብህም ተባሉ፤ ሱቁ ግን አልተመለሰም። እግራቸው አብጦ፣ ጥርሳቸው ጎድሎ ነበር። የሺ ልትጠይቃቸው ሄዳ እንደ ሌላው ሰው «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ብላ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ስብሰባው ላይ ዕድሉን አግኝቼ ነበር። የጠየቅሁት ስለ ሚዛኑ ነው። ስለ እርስዎ አልጠየቅሁም።»

«ነግረውኛል» አሉ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ቡሽራ ያበጠውን እግራቸውን ትራስ ላይ አመቻችተው አስቀመጡ። «ስለ እኔ ብትጠይቂ አንቺም እዚያው ነበርሽ፤ ልጅቷን ማን ያበላት ነበር? የሚሆነውን ነው የጠየቅሽው» አሏት። ከዚያ ግን ጨመሩ፤ «ቢሆንም፣ ስሜን የሚጠራ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ነኝና።»

የሺ ይህን አልረሳችውም። ይቅርታቸውን የሰጧት ከነሕመሙ ነበር፤ እሷም ከነሕመሙ ተቀበለችው። በዚያው ዓመት ጋሽ ቡሽራ ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ስልጤ ሄዱ። አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘቻቸው የሺ ናት፤ እሌኒንም ይዛ። ከሁለት ክረምት በኋላ ማረፋቸው ተሰማ። ሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ባይጣልም የሺ በሯን ከፍታ፣ ጥቁር ለብሳ ተቀመጠች። አንድ ሁለት እያለ ሰው ገባ፤ ደበላም መጣ። ማንም አልከለከላቸውም።

እሌኒ አደገች። ሰባ ሰባት ላይ መድኃኒቱ ከአገር ጠፍቶ፣ ሲስተር ደሳለች ከየጠርሙሱ ቂጥ እያንጠፈጠፉ ለታካሚዎቻቸው ሲያካፍሉ የከረሙበት ጊዜ ነበር። ያኔ አብረዋት ይመላለሱ ከነበሩት ልጆች የሞቱ አሉ። እሌኒ ተረፈች፤ ግራ ዓይኗ ግን ከዚያ በኋላ ደከመ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ልብስ ስፌት ተማረችና አንድ ማኅበር ውስጥ ተቀጠረች። ሥራ የጀመረች ቀን ጠዋት የሺ ጣሳውን ልታነሳ ስትል «እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔው ልስፈር» አለቻት። የሺ ጣሳውን ሰጠቻትና ወደ ደጅ ወጣች። ልጇ መስፈሯን ጨርሳ እስክትጠራት ድረስ አልገባችም።

የሺ ድግስ መሥራቷን አልተወችም። በቀጠሮ ቀን ግን ከሆስፒታሉ ኮሪደር አትጠፋም ነበር። ከሰንዳፋ ወዲያ የመጣ ቶለሳ የሚባል ገበሬ፣ ትንሽ ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ፣ አንድ ቀን ከአግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሺ ልጅቷ ምን እንደምትበላ ጠየቀችው። ገብስ ነው አላት፤ በሶ። የሺ ስለ ገብስ ክብደት የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ እንደማታውቅም ነገረችው።

«ካንተው ቤት ዱቄት ይዘሃል?»

ቶለሳ የጋቢውን ጫፍ ፈታ። ለመንገድ የያዘው በሶ ነበር።

«ይበቃናል» አለችው። «ሚዛን አሁን እዚህም ገብቷል። አብረን እናየዋለን።»

ሲስተር ደሳለች በሩን ከፍተው የልጅቷን ስም ጠሩ። ቶለሳ ልጁን አቅፎ ተነሳ፤ የሺም የበሶውን ቋጠሮ ይዛለት ተከትላው ገባች።